የአባዬ ሸክላ የት ይቀመጥ?

እስኪ መጽሔቱን ለአፍታ አስቀምጡትና ሳሎናችሁ ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ ዲኮደሩ ወይም ስፒከሩ የተቀመጠበትን ዕቃ ተመልከቱት። መቼ ገዛችሁት? ስትገዙት ምኑን አይታችሁ ነበር? ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ጠይቃችኋል? ወይስ እንደ እኔ «ከሶፋው ጋር ይሄዳል» ብላችሁ ነው የከፈላችሁት? ስፒከር ለመምረጥ ሦስት ሳምንት የምንዞር ሰዎች፣ ስፒከሩ የሚቀመጥበትን ስታንድ ብዙ ጊዜ የምንገዛው በመጨረሻው ሰዓት፣ በተረፈችው ብር ነው። እኔ በዚህ ስህተት ልጄን ልጎዳት፣ አባቴንም ከቤቴ ላርቃቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ መደርደሪያ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ዕቃ ፎቶ ሲነሳ ከጎን ቆሜ «ይሄ ገመድ ይነሳ፣ ያ ወንበር ይውጣ» የምል ሰው ነኝ። ካታሎግ ላይ በምታዩት ሳሎን ውስጥ ገመድ የለም፣ ዲቫይደር የለም፣ ስታቢላይዘር የለም፣ ወለል ላይ የተበተነ መጫወቻ የለም። የሁለት ዓመት ልጅና የሰባ ዓመት አያትም የሉም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ራሴ ገዢ ስሆን ግን እንደማንኛውም ሰው ፎቶው አታለለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ካረፈች በኋላ አባዬ ብቻቸውን መኖር ከበዳቸውና እኛ ጋ መጡ። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው። ይዘውት የመጡት ዕቃ ብዙ አይደለም። አንድ ሻንጣ ልብስ፣ የእናቴ ፎቶ፣ ሸክላ ማጫወቻቸው ከነአምፕሊፋየሩና ከሁለት የእንጨት ስፒከሮቹ ጋር፣ በመጨረሻም ሁለት ካርቶን ሙሉ ሸክላ።

አባዬ ወጣት በነበሩበት በ1960ዎቹ አዲስ አበባ፣ የሚወዱትን ዘፈን ቤት ይዞ መግባት ማለት ሸክላ መግዛት ማለት ነበር። አምሃ እሸቴ ያቋቋሙት «አምሃ ሪከርድስ» ከ1961 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የእነ አለማየሁ እሸቴንና የእነ ማህሙድ አህመድን ሥራዎች ያሳትም ነበር። አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት፣ በየገጻቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙት ትንንሾቹ ሸክላዎች ናቸው። አባዬ እነዚህን ከደመወዛቸው እየቆነጠሩ ነው የሰበሰቧቸው። ዛሬ አንዱ ቢሰበር ሱቅ ሄደን የምንተካው ዕቃ አይደለም።

እኛ ታዲያ ምን አደረግን? «ቦታ ሲገኝ እናወጣዋለን» ብለን ሁሉንም ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስገባነው። ቦታው ሳይገኝ ስምንት ወር አለፈ። አባዬ አንድም ቀን አልጠየቁም።

በስምንተኛው ወር እኔ ራሴ አፈርኩና ስታንድ ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘሁት ከጥቁር መስታወት የተሠራ፣ አራት ደርብ ያለው፣ እግሮቹ የሚያብለጨልጩ፣ ረጅምና ቀጭን ነገር ነበር። ሻጩ አጠገብ የተለጠፈው ፎቶ ላይ ሳየው ልቤ ቀለጠ። ወለል ላይ ብዙ ቦታ አይዝም፤ ለጠባብ ሳሎን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳልለካ፣ ሳልነቀንቀው፣ ሳልጠይቅ ገዛሁት።

ቤት ደርሰን ስንገጣጥመው ችግሩ አንድ በአንድ ብቅ አለ። ትልቁ ሸክላ ራሱ 30 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ ሽፋኑ ሲጨመር ከ31 ያልፋል። በስታንዱ ደርቦች መካከል ያለው ክፍተት ግን 25 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ሸክላዎቹ ወደ አልጋ ሥር ተመለሱ። አምፕሊፋየሩ ገባ፤ ነገር ግን ከላዩ ሦስት ጣት የማትሞላ ክፍተት ነበር የቀረው። ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ስነካው እንደ ምጣድ ግሏል። ማጫወቻውን የላይኛው መስታወት ላይ አስቀመጥንና ሁለቱን ስፒከሮች ግራና ቀኝ አጠገቡ ደረደርናቸው። ለዓይን ያምራል። ፎቶም አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት።

አባዬ ድምፁን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ግን ከሥር «ኡኡኡ» የሚል ጉምጉምታ ይነሳና ዘፈኑን ይውጠዋል። ባለቤቴ በሩን ጠበቅ አድርጎ ሲዘጋ መርፌው ይዘላል። እኔ «ማጫወቻው አርጅቷል» ብዬ ደመደምኩ። አባዬ ምንም አላሉም። ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘንብለው ማዳመጥ ጀመሩ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ልጅ ያየውን ሁሉ ደረጃ ያደርገዋል። የታችኛውን ደርብ ረግጣ፣ ሁለተኛውን በእጇ ይዛ ወደ ላይ ተንጠራራች። ስታንዱ ወደ ፊት አዘነበለ። አባዬ ከወንበራቸው ተወርውረው በሁለት እጃቸው ደግፈው አቆሙት። አንደኛው ስፒከር ግን አምልጦ ወደቀ። ያረፈው ከልጄ እግር አንድ ስንዝር ርቆ ነው። የላይኛው መስታወት ተሰነጠቀና የአባዬን መዳፍ ቆረጠው።

ልጄ ምንም አልሆነችም፤ ተመስገን። ምናልባት ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው የሚንቀጠቀጠው አደጋው ካለፈ በኋላ ነው። ያን ቀን ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስቼ አልጋዋ አጠገብ ቆሜያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባዬ ቁስላቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ማጫወቻውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ እየከተቱት አገኘኋቸው።

«አባዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ለሚፈልገው ሰው ስጡት ልጄ። ከልጅ የሚበልጥ ዘፈን የለም። ቤቱም ጠቧችኋል፤ ቦታ የሚይዝ ነገር ምን ያደርግላችኋል?»

ይህን ሲሉ አላዩኝም። ስለ ማጫወቻው ብቻ የተናገሩ አልመሰለኝም። እንጀራ እየበላን፣ ሰላም እየተባባልን፣ ስምንት ወር ሙሉ የአባቴን ዕቃ አልጋ ሥር ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ቦታ አላጣሁለትም፤ አልሰጠሁትም እንጂ።

ካርቶኑን ከእጃቸው ወሰድኩና አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ድሮ ቤታችን ውስጥ ይሄ ነገር አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። እንዴት ነበር የሚያስቀምጡት?» አልኳቸው። ያን ጥያቄ መጀመሪያውኑ፣ ገበያ ከመውጣቴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ።

ያደግኩበት ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ወለሉ ጣውላ። ስንሮጥ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ነበር። ማጫወቻው ግን ግድግዳ ላይ በተመታ ወፍራም የእንጨት መደርደሪያ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እኔና እህቴ ሁልጊዜ «እኛ እንዳንነካው ነው ከፍ ያደረጉት» ብለን እናምን ነበር። አባዬ ይህን ሲሰሙ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«የእናንተ እጅ ሳይሆን የእናንተ እግር ነው ያስቸገረኝ» አሉ። «የጣውላ ወለል ሰው በተራመደ ቁጥር ይረግባል። መደርደሪያውን የመታሁት በጭቃው ላይ ሳይሆን ቋሚው ላይ ነው። ቋሚው መሬት ውስጥ የተተከለ ነው፤ ወለሉ ቢዘል እሱ አይነቃነቅም።»

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። የሸክላ መርፌ የሚያነበው ከፀጉር የቀጠነ መስመር ውስጥ ያለን ንቅናቄ ነው። የዘፈኑን ንቅናቄና የበሩን ንቅናቄ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ድምፅ ያደርጋቸዋል። እኔ ደግሞ ስፒከሮቹን ከማጫወቻው ጋር አንድ መስታወት ላይ አስቀምጬ ነበር። ስፒከሩ መስታወቱን ያንቀጠቅጣል፣ መስታወቱ መርፌውን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌው ያንን መልሶ በአምፕሊፋየሩ በኩል ወደ ስፒከሩ ይልካል። ያ «ኡኡኡ» የሚለው ጉምጉምታ ይህ ዙር ነበር። ማጫወቻው አላረጀም፤ ያስቀመጥኩበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

እናንተ ሸክላ ባይኖራችሁም ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ለማንኛውም የድምፅ ዕቃ ይሠራል። እኔና አባዬ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሜትርና ወረቀት ይዘን የተማርነው ነው።

መጀመሪያ የምትለኩት ግድግዳውን ሳይሆን ዕቃችሁን ነው። ወርዱን፣ ቁመቱንና ጥልቀቱን ጻፉ። ጥልቀቱ ላይ ከኋላ ለሚወጡት ገመዶች ቢያንስ አሥር ሴንቲሜትር ጨምሩ፤ ያለበለዚያ ገመዱ ይታጠፋል ወይም ዕቃው ወደ ፊት ወጥቶ ጠርዝ ላይ ይቆማል። አምፕሊፋየር ሙቀቱን የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ በላይ በኩል ነው፤ ከላዩ አንድ ስንዝር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የዳንቴል ጨርቅ ማልበስ የምትወዱ፣ በተለይ አምፕሊፋየሩን ተዉት። ሸክላ ያላችሁ ደግሞ የመደርደሪያው ውስጥ ቁመት ከ33 ሴንቲሜትር እንዳያንስ።

ቀጥሎ ክብደቱን አስቡ። መቶ ትልልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ከ20 ኪሎ ይበልጣል። ረጅምና ቀጭን ደርብ መሃሉ ላይ ይረግባል፤ ስለዚህ በየአርባ ሴንቲሜትሩ የሚያቆም ክፍልፋይ ያስፈልገዋል። ክፍልፋዩ ሸክላዎቹም ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ይረዳል። ሸክላ ተደራርቦ ከተኛ ወይም ለረጅም ጊዜ ካዘነበለ ይጣመማል። ከባዱ ነገር ሁልጊዜ ከታች ይሁን፤ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የሚበልጥ ስታንድ ምረጡ። ሱቅ ውስጥም አትፈሩ፣ የላይኛውን ጠርዝ በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት። እናንተን የፈራ ስታንድ ልጃችሁን አይችልም።

ስለ እንጨቱ ደግሞ ጠይቁ። ቺፑድ ርካሽ ነው፤ ሴራሚክ ወለል በየቀኑ በውሃ በሚወለወልበት ቤት ግን ከሥሩ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ብሎኑም ይላላል። ቺፑድ ከመረጣችሁ እግር ያለው ይሁን። መስታወት የምትወዱ ካላችሁ በእያንዳንዱ ደርብ ስንት ኪሎ እንደሚችል ሻጩን ጠይቁ። መልሱ «ኧረ ብዙ ይችላል» ከሆነ መልስ አላገኛችሁም።

ስፒከር የራሱን ቦታ ይፈልጋል። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ፣ ሶፋ ላይ ስትቀመጡ ጆሯችሁ ካለበት ከፍታ ጋር እኩል ብትሆን ዘፋኙ ፊት ለፊታችሁ የቆመ ይመስላል። የእኔ ጆሮ ሶፋው ላይ ስቀመጥ ከወለሉ 95 ሴንቲሜትር ላይ ነው። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀት እናንተ ከእያንዳንዳቸው ካላችሁበት ርቀት ጋር ተቀራራቢ ይሁን። ግድግዳ ላይ ወይም ማዕዘን ውስጥ የተጣበቀ ስፒከር ወፍራሙ ድምፅ እየበዛበት ይጎረናል፤ ትንሽ ወደ ፊት ሳቡት።

ይህን ሁሉ ጽፈን ለአንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ወሰድነው። ንድፉን የሣሉት አባዬ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ፣ በእርሳስ። ወርዱ 140፣ ቁመቱ 60፣ ጥልቀቱ 45 ሴንቲሜትር፤ እግሮቹ አጫጭር፤ ላይኛው ክፍል ከወፍራም ዋንዛ። ባለሙያው ንድፉን አገላብጦ አየና «አባት፣ እርስዎ እንጨት ሠርተው ያውቃሉ?» ሲላቸው አባዬ ቀና ብለው የቆሙበትን ሁኔታ አልረሳውም። ስፒከሮቹን ደግሞ ብረት ብየዳ ቤት ባሠራናቸው ሁለት ማቆሚያዎች ላይ ለብቻቸው አቆምናቸው። ከታች ሰፊ ሳህን አላቸው፤ የውስጥ ቱቦው በደረቅ አሸዋ ተሞልቷል። አሸዋው ብረቱ እንዳይጮህም፣ በቀላሉ እንዳይገፋም ያደርገዋል። እያንዳንዱ ስፒከርም ከማቆሚያው ጋር በብሎን ታስሯል።

አንድ ነገር ቀረ። ልጄ ማቆሚያዎቹን እንዳትጎትት ከግድግዳ ጋር ማሰር ነበረብን፤ አከራያችን ደግሞ ግድግዳ መብሳት አይወዱም። ደወልኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ለልጅ ከሆነ ብሱት፤ የልጅ ነገር በኋላ አይደፈንም» አሉኝ። ይህን የምነግራችሁ ተከራይ ለሆናችሁ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙ ጊዜ ብሎኬት መሆኑንም አትርሱ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር ይላላበታል፤ ለባዶ ግድግዳ የሚሆነውን ጠይቃችሁ ግዙ።

ዕቃው የመጣ ቀን አባዬ መጀመሪያ ያስቀመጡት ማጫወቻውን አልነበረም። ውሃ ልክ ተውሰው ዋንዛው ላይ አኖሩና በአንደኛው እግር ሥር ቀጭን ጎማ እየጨመሩ አስተካከሉት። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው መሃሉ ላይ አስቀመጡና ልጄን ጠሯት።

«ነይ ዝለይ!» አሏት።

በቤታችን «ዝለይ» ስትባል የመጀመሪያዋ ነው። ዘለለች። አያትና ልጅ ጎንበስ ብለው ውሃውን ተመለከቱ። አልተንቀሳቀሰም። ይህን ሙከራ እናንተም አድርጉት፤ ምንም አያስከፍልም። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ የሚሰማውን መርፌውም ይሰማዋል።

ስታቢላይዘሩን ከማጫወቻው ራቅ አድርገን ከታች ወለሉ ላይ አኖርነው፤ አጠገቡ ከሆነ የማያቋርጥ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ያስገባል። ገመዶቹን አንድ ላይ አስረን ከኋላ ደበቅናቸው። ሸክላዎቹም ከአልጋ ሥር ወጥተው ቆሙ። ከቀኝ ጫፍ ያለችውን ባዶ ክፍል አባዬ ለልጄ ሰጧት፤ አሻንጉሊቶቿን ትደረድርበታለች። የራሷ ቦታ ስላላት መሰለኝ፣ የእሳቸውን አትነካም።

አሁን እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ አባዬ አንድ ሸክላ ይመርጣሉ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት በር በነፋስ ድርግም ብሎ ሲዘጋ ሁላችንም ደነገጥን። ዘፈኑ ግን ቀጠለ። አባዬ ወደ እኔ ዞረው ስኒያቸውን ከፍ አደረጉና «ቋሚ ላይ ነው» አሉ።

ውድ አንባቢዎች፣ ስታንድ ልትገዙ ስትወጡ ሜትር ያዙ። የዕቃችሁን ልክ በወረቀት ያዙ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አልጋ ሥር ጎንበስ ብላችሁ፣ እዚያ ካርቶን ውስጥ የቀረው የማን ዕቃ እንደሆነ እዩ፤ ባለቤቱንም «የት ይቀመጥልዎት?» ብላችሁ ጠይቁ።